ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ስታስገቡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የአዲስ አበባን ዳር ሰፈሮች እዩ፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈቼ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ። ኮንዶሚኒየሙ ሰው ሲገባበት ትምህርት ቤቱም አብሮ ጢም አለ። አሁን በየወላጅ ስብሰባው አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ኢንተርኔት መቼ ነው የሚገባልን?» ቅንጦት የሚለው ካለ ተሳስቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ከጥያቄው በፊት ከማሽኑ ጋር ይታገላል።

ጣጣው የሚጀምረው ብሩ ከተገኘ በኋላ ነው። ለጋሽ ይመጣል፣ የቀድሞ ተማሪዎች ያዋጣሉ፣ ሪባን ይቆረጣል። ዓመት ሳይሞላ ክፍሉ ተቆልፎ ታገኙታላችሁ። ወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁና ርዕሳነ መምህራን፣ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን እዩልኝ።

ዕቃውን ቆጥሮ «ሥራው አለቀ» ማለት

ፔሩ ለተማሪዎቿ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አድላለች። የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን ተመልክቶ በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ላፕቶፑ ልጆቹ እጅ ገብቷል። ከዕለቱ ትምህርት ጋር ግን በቅጡ አልተገናኘም ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ፕላዝማ፣ በየክፍሉ የተሰቀለውን የትምህርት ቴሌቪዥን፣ እናስታውስ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው ተተከለ። ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ይመጣል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ልጁ «አልገባኝም» ቢል ማቆሚያ የለውም፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። መብራት ከሄደ የክፍለ ጊዜው ትምህርትም አብሮ ሄደ። መምህሩ ደግሞ ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ የፕላዝማ ቀልድ አያጣም። ለእኔ ትልቁ ጥፋት መምህሩ መቆጣጠሪያውን መነጠቁ ነው።

ስለዚህ ግዢ ከመፈጸማችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ፈቃደኛ መምህራንን ያዙ። የባዮሎጂዋ መምህርት የትኛውን ምዕራፍ በምን ልታስተምር ነው? የሒሳቡ መምህር መልመጃውን ፕሮጀክተር ላይ ነው የሚፈልገው ወይስ ልጆቹ እጅ ላይ? መልሳቸው የዕቃውን ዝርዝር ይቀይረዋል። አንዳንዴ 30 ኮምፒውተር ቀርቶ ሦስት ፕሮጀክተርና ላፕቶፕ ይበቃል። አንድ ቀን አሠልጥኖ ሰርተፍኬት አስይዞ መሸኘትን ሥልጠና ብዬ አልቆጥረውም።

ቁልፉን ሰው ኪስ ውስጥ መርሳት

ብዙ ኮምፒውተር በአገልግሎት ብዛት ሳይሆን ተቆልፎበት ነው የሚያረጀው። ነገሩ እንዲህ ነው። ንብረት ክፍል ዕቃውን በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ያደርጋል። ከዚያ የአይሲቲ መምህሩ ፈርሞ ይረከባል። ከፈረመ በኋላ አንድ ኪቦርድ ቢጠፋ፣ አንድ ስክሪን ቢሰነጠቅ ተጠያቂው እሱ ነው። ከደሞዙ ይቆረጣል የሚል ፍርሃት አለው፣ ፍርሃቱም ከመሬት አልተነሳም። ታዲያ ምን ያድርግ? ይቆልፋል። የስክሪኑ ፕላስቲክ ሳይላጥ ዓመት ያልፋል፤ ኪቦርዱ ላይ አቧራ፣ በሩ ላይ ሁለት ጓንጉላ።

መምህሩን ሰነፍ ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን በእሱ ቦታ ብሆን እቆልፍ ነበር። ኮሚቴው ማድረግ ያለበት በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው፦ በአገልግሎት ያረጀና በተለመደ አጠቃቀም የተበላሸ ዕቃ ረካቢውን አያስጠይቅም፤ ጥገናው ከትምህርት ቤቱ ገቢ ይሸፈናል። ርዕሰ መምህሩና ንብረት ክፍሉ ይፈርሙበት። ቁልፉም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከዩኒት ሊደሩ ጋር። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሆነ ለከሰዓት ፈረቃም ኃላፊ ይመደብ፤ አለዚያ የጠዋቱ መምህር ሲወጣ ክፍሉም አብሮት ይወጣል።

ፍጥነቱን ሳያሰሉ መዋዋል

«10 ሜጋ ገብቶልናል» ሲባል ደስ ይላል፤ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ማለት ነው። ለ40 ኮምፒውተር አካፍሉት፤ ለአንዱ 0.25 ሜጋ ይደርሰዋል። መካከለኛ ጥራት ያለው አንድ ቪዲዮ ብቻውን ወደ 1 ሜጋ ይፈልጋል። 40ውም አንድ ላይ ሲከፍቱ ሁሉም እኩል የሚሽከረከረውን ክብ ያያሉ። ኮምፒውተሮቹ ራሳቸውን አፕዴት ማድረግ ከጀመሩማ መስመሩ ለእነሱም አይበቃ። አፕዴቱ ማታ ወይም ቅዳሜ እንዲሆን አድርጉ። የዋይፋይ ፓስወርድ ቢሮ ውስጥ ከተለቀቀ ደግሞ የሁሉም ሰው ስልክ ይገባበታል።

ሙከራውን ቴክኒሻኑ ብቻውን ቆሞ አያድርገው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ክፍሉ ሞልቶ፣ ሁሉም አንድ ገጽ ከፍተው ይታይ። ርክክቡን ከዚያ በኋላ ፈርሙ።

መስመር ሲጠፋ ሁሉም ነገር እንዲቆም አድርጎ መዘርጋት

መስመር ይጠፋል። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር የሚባለው የመስታወት ገመድ ይበጠሳል። በ2009ና በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ተዘግቶ ነበር። እዚህ አገር ኔትወርክን መቶ በመቶ አምኖ ክፍል የሚያደራጅ ሰው በጣም ቀና ሰው ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ ደህና ኮምፒውተር ትልቅ ሃርድ ዲስክ ይግባለትና ክፍሉ ውስጥ እንደ ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎቹ ፋይል አዳይ ሆኖ፣ ይቀመጥ። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ካን አካዳሚ የተባለውን ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮና መልመጃ ጨምሮ ብዙ ትምህርት አንዴ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያዳርሳል። ኪዊክስ የሚባለው ሌላ ሶፍትዌር ደግሞ ዊኪፒዲያን እንዳለ ያስቀምጣል። ልጆቹ ስክሪን ላይ የሚያዩት ከዚያው ክፍል ስለሚመጣ በፍጥነት ይከፈታል።

የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍትም አሉ። የታተመው አልዳረስ ሲል ፒዲኤፉ በቴሌግራም ሲዞር ከርሟል። 50 ልጅ ያንኑ ፋይል 50 ጊዜ በወላጁ ካርድ ከሚያወርድ አንዴ ሰርቨሩ ላይ ይጫን፣ ልጆቹ በስልክና በፍላሽ ይውሰዱ።

ቋንቋውንም አትርሱ። በከተማው ዳር ባሉ ብዙ ሰፈሮች አንዱ ልጅ በአማርኛ፣ ጎረቤቱ በአፋን ኦሮሞ ይማራል። ሰርቨሩ ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሞላችሁ የ3ኛ ክፍሉ ልጅ ሥዕል አይቶ ነው የሚወጣው።

መብራቱንና ገመዱን ለመጨረሻ ማቆየት

ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ከ100 እስከ 150 ዋት ይበላል እንበል። 30 ሲሆን ከ3 እስከ 4.5 ኪሎዋት ነው። ይህን አንድ ሶኬት ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር ሰክቶ ማስኬድ እሳት መጥራት ነው። ለክፍሉ የራሱ መስመርና ብሬከር ይዘርጋለት። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ የባትሪ ሳጥን) ሥራ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ክፍለ ጊዜ አያስጨርስም። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆናችሁ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ኃይል የሚወስደው ትንሽ ነው፣ ባትሪውም አብሮት ነው።

የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አትዘርጉ፤ ከዚያ በኋላ አይታመንም። ከብሎክ ብሎክ ከሆነ ርቀቱ ቢያንስም ፋይበር ይሁን። የመዳብ ገመድ ክረምት ላይ የመብረቁን ጣጣ ይዞ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሁለቱም ጋ ያለው ዕቃ ይቃጠላል።

የወር ሂሳቡን ለጋሹ ላይ መጣል

ለጋሽ የመጀመሪያውን ዓመት ይከፍላል። ሁለተኛውን ማን ይከፍላል? ዕቃ መግዣ ሰኔ 30 በጀት ከመዘጋቱ በፊት ተሯሩጦ ይገኛል፤ የወር ክፍያ ግን ዕቅድ ውስጥ ካልገባ መስከረም ላይ ፈላጊ የለውም። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም የ12 ወሩን ክፍያ ደምሩት፣ የጥገናና የባትሪ መቀየሪያም ጨምሩበት፣ ድምሩን ለወላጅ ስብሰባ አቅርቡ። ወላጁ ቁጥሩን ሲሰማ ፊቱን ካጠቆረ ፍጥነቱን ቀንሱና ሰርቨሩን አጠናክሩ።