«ዕድሌ ነው» አትበለኝ፦ የጭብጥ ደክ ችግርና መፍትሄ

ድራጎን ብቻ፣ ቫምፓየር ብቻ፣ ኤልፍ ብቻ አድርጎ ደክ (የሚጫወትበትን የካርድ ጥቅል) መሥራት የሚወድ ሰው አንድ ቀን ስክሪንሾት ይዞ ይመጣል። «እየው፣ ጨዋታው ያጭበረብራል» ይላል። እኔ ስክሪንሾቱን አላይም። የደኩን ዝርዝር አምጣ እላለሁ። ዝርዝሩ ሲመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከላይ ሳልጨርስ ችግሩ ይታየኛል።

በዋናነት የምጽፈው ስለ ማጂክ አሪና፣ በኮምፒውተርና በስልክ ስለሚጫወቱት የማጂክ ካርድ ጨዋታ ነው፣ የተበላሸ ደክ አብዝቼ ያየሁት እዚያ ስለሆነ። ሐርትስቶን ወይም ዩጊዮ ማስተር ዱኤል የምትጫወት ከሆነም ታች ድርሻ አለህ። ቢያንስ 60 ካርድ፣ ከመሠረታዊ ላንድ በቀር ከአንዱ ካርድ ቢበዛ 4 ቅጂ፣ መነሻ እጅ 7 ካርድ፣ ላንድ ማና የሚሰጥ ካርድ፣ ማና ደግሞ ሌላውን ካርድ ለማውረድ የሚከፈል ዋጋ፣ ይሄን ሁሉ ታውቃለህ ብዬ ነው የምነሳው።

«ተራው ያልፋል፣ እኔ እጄን ታቅፌ እቀመጣለሁ»

ሦስተኛው ተራ ላይ ነህ። ተጋጣሚህ ሦስት ጎብሊን አውርዷል። አንተ ሁለት ላንድ አለህ፣ እጅህ ላይ ደግሞ አምስትና ስድስት ማና የሚጠይቁ አምስት ድራጎኖች ተደርድረዋል። ያምራሉ። ሥዕላቸውን እያየህ ትሞታለህ።

መንስኤው ላንድ መቀነስህ ነው። አውቃለሁ፣ «አልቀነስኩም» ትላለህ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ምክንያቱም በአንድ ቀን የተደረገ ነገር አይደለም። አዲስ ድራጎን ይወጣል፣ ትወደዋለህ፣ ቦታ የለም። የሚወጣ ካርድ ስትፈልግ ሌሎቹን ድራጎኖች አንድ በአንድ ታያለህ፣ ሁሉም ያሳዝኑሃል። ላንድ ማንንም አያሳዝንም። ስለዚህ 24 የነበረው 23 ይሆናል። ሌላ ካርድ ስብስብ ሲወጣ 22። ከዚያ አንድ ቀን ተነስተህ ስትቆጥር 20 ነው፣ ያውም ከቆጠርክ።

አሁን ሒሳቡን እናድርገው። ከ60 ካርድ 24ቱ ላንድ ከሆኑ፣ ሰባት ካርድ ስትስብ አንድ ላንድ ብቻ ወይም ጭራሽ ምንም የማይመጣበት ዕድል 14 በመቶ ገደማ ነው። ከሰባት እጅ አንዱ ማለት ነው፣ ይሄ ያለ ነው፣ ትታገሰዋለህ። ላንዱ 20 ሲሆን ግን 25 በመቶ ይጠጋል። ከአራት እጅ አንዱ ገና ጨዋታው ሳይጀመር የሞተ ነው።

መነሻ እጁን ብታልፍ እንኳ አራተኛው ተራ ይጠብቅሃል። ቀድመህ የምትጀምር ከሆነ እስከዚያ 10 ካርድ አይተሃል። በ20 ላንድ ደክ አራተኛ ተራህ ላይ አራት ላንድ የማግኘት ዕድልህ 44 በመቶ ነው። በ24 ላንድ 63፣ በ26 ደግሞ 72 ገደማ። ድራጎንህ አምስት ማና ነው የሚጠይቀው፣ አንተ ግን አራቱን እንኳ በግማሽ ጨዋታህ አታገኝም። ይሄ ዕድል አይደለም፣ አንተ ራስህ ቁጭ ብለህ የሠራኸው ነገር ነው።

አንድ ጓደኛዬ ለሁለት ሳምንት «ላንዴ 24 ነው» ብሎ ድርቅ አለብኝ። ዝርዝሩን በስንት ልመና ላከልኝ። 19 ላንድ ነው። አምስቱ የት ገቡ ብዬ ስጠይቀው አራት ላኖዋር ኤልቭስና አንድ ማና የሚሰጥ ዕቃ ቆጥሮልኛል። ላኖዋር ኤልቭስ በአንድ አረንጓዴ ማና ወርዶ በሚቀጥለው ተራ ማና የሚሰጥ ግሩም ካርድ ነው፣ አልክድም። ግን ለማውረድ ራሱ ላንድ ይፈልጋል። ደግሞ 1/1 ነው (አንድ ጉልበት፣ አንድ ጽናት)፣ የነካው ሁሉ ይገድለዋል። ተጋጣሚ ሁሉ ሲያየው መጀመሪያ እሱን ነው የሚያነጣጥረው። እኔ ሁለት ኤልፍ እንደ አንድ ላንድ ነው የምቆጥረው፣ ያውም በቸርነት።

እኔም ከዚህ ኃጢአት ንጹህ አይደለሁም። የቫምፓየር ደክ ነበረኝ፣ በጣም የምወደው። አንድ ማታ በተከታታይ ላንድ ጎረፈብኝ፣ እጄ ላይ ከላንድ በቀር ምንም የለም። ተናድጄ እዚያው ሦስት ላንድ አወጣሁ፣ ሦስት ቫምፓየር አስገባሁ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ስሸነፍ «ጨዋታው ለኔ ተበላሽቷል» እያልኩ ነበር። ያወጣኋቸውን ላንዶች ትዝ ያሉኝ ሌላ ደክ ልሠራ ስል ነው። ተናድደህ ደክ አትንካ። በተለይ ማታ።

መፍትሄው ይሄ ነው። ካርዶቹን በዋጋ ደርድራቸው፣ ደክ መሥሪያው ራሱ ያሳይሃል። አብዛኛው ካርድህ አንድና ሁለት ማና ከሆነ (ጎብሊን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው) 20 እስከ 22 ላንድ ይበቃል። ሦስትና አራት ላይ ከተከመረ 24። አናቱ ላይ አምስትና ስድስት የሚጠይቁ ካርዶች ካሉህ 25 ወይም 26፣ ሳትከራከረኝ። እነዚያን ውድ ካርዶች ራሳቸውን ከስምንት አታሳልፍ። «ግን የድራጎን ደክ ነው እኮ!» ስምንት ድራጎን በየጨዋታው ከወረደ የድራጎን ደክ ነው። ሃያ ድራጎን እጅህ ላይ ተቀምጦ ከቀረ የሥዕል ኤግዚቢሽን ነው።

የተረፈውን ቦታ ርካሽ በሆነ ነገር ሙላ። ሁለት ማና የሚጠይቅ ፍጡር፣ በአንድ ወይም በሁለት ማና የተጋጣሚን ፍጡር የሚገድል ካርድ። ጭብጡን አይመስልም ትላለህ። አዎ አይመስልም። ድራጎኑ እስኪደርስ በሕይወት የሚያቆይህ ግን እሱ ነው።

ላንድ መጨመር ሞት ለሚመስለው ሰው መሃል ያለ መንገድ አለ። ከ2020ው ዜንዲካር ራይዚንግ ጀምሮ በአንድ ፊቱ ተራ ካርድ፣ በሌላው ፊቱ ላንድ የሆነ ካርድ መጥቷል። ሲቸግርህ ላንድ ታደርገዋለህ፣ ሲተርፍህ በሌላው ፊቱ ትጥለዋለህ። ከእነዚህ አራት ብታስገባ ጎርፉም ድርቁም ይቀልልሃል። በምትጫወትበት ፎርማት (የትኞቹ ካርዶች እንደሚፈቀዱ የሚወስነው የጨዋታ ዓይነት) መፈቀዳቸውን ግን መጀመሪያ አረጋግጥ።

አንድ ላንድና ስድስት ድራጎን የያዘ እጅ ይዘህ ደግሞ አትጀምር። «ይመጣል» እያልክ አትጠብቅ። ከ2019 ወዲህ ባለው የማሊጋን (መጥፎ መነሻ እጅን የመቀየር) ሕግ እንደገና ሰባት ካርድ ትስባለህ፣ ከዚያ አንዱን መርጠህ ወደ ደኩ ግርጌ ትመልሳለህ። ስድስት ካርድ ይዞ መጫወት፣ ሰባት ይዞ ተቀምጦ ከማየት ይሻላል።

«ነጠላ ጨዋታ ላይ ይሠራል፣ የሦስት ዙሩ ላይ ይሞታል»

ይሄ ያው የላንዱ በሽታ ነው፣ ተደብቆ የመጣ። አሪና ነጠላ ጨዋታ ላይ መነሻ እጅህን ያስተካክልልሃል። ከበስተጀርባ ከአንድ በላይ እጅ በውዞ፣ የላንዱ መጠን ለደክህ አማካይ የቀረበውን ወደ መስጠት ያደላል። ሁለት ያሸነፈ የሚያልፍበት የሦስት ዙር ጨዋታ ላይ ግን ይሄ እርዳታ የለም። እንደ በወዝከው ነው። ስለዚህ 20 ላንድ ይዞ በነጠላው ሲፎክር የከረመ ሰው ወደ ሦስት ዙሩ ሲሻገር ደኩ የተሰበረ ይመስለዋል። ድሮም የተሰበረ ነበር፣ ጨዋታው ሸፍኖለት ነው። ከዚህ በላይ ያሰላኋቸው ቁጥሮችም ያለ እርዳታ ላለው በውዝ ናቸው።

ነጠላ ላይም ቢሆን የሚስተካከለው መነሻ እጅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የምትስበውን ማንም አያስተካክልልህም።

«ላንድ አለኝ፣ ቀለሙ ግን አይደለም»

ብዙውን ጊዜ የሦስት ቀለም ደክ ነው፣ ሰውየው የጭብጡን ካርድ ሁሉ ከየቀለሙ ስለለቀመ። የማጂክ የዝና መዝገብ ውስጥ ያለው ፍራንክ ካርስተን ያሰላው ቁጥር አለ፦ በ60 ካርድ ደክ አንደኛ ተራ ላይ አንድ ቀለም ያለበት የአንድ ማና ካርድ ልታወርድ ከፈለግህ፣ የዚያ ቀለም ምንጭ፣ ማለትም ያንን ቀለም ማና የሚሰጥ ላንድ፣ 14 ያስፈልግሃል። 14! አንተ ግን ስምንት ስምንት አድርገህ ለሦስት ከፍለህ «ለምን አይመጣም» ትላለህ።

ቀለም ቀንስ። አይሆንም ካልክ አንክሌይምድ ቴሪቶሪና ሰክሉድድ ኮርትያርድ የሚባሉትን ላንዶች ተመልከት። ሁለቱም ሲወርዱ የፍጡር ዓይነት ትመርጣለህ፣ ከዚያ ለዚያ ዓይነት ፍጡር የፈለግኸውን ቀለም ይሰጡሃል። ለጭብጥ ደክ የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ደረጃቸውም አንኮመን (ከብርቅ በታች) ስለሆነ ብርቅ ዋይልድካርድህን (የፈለግኸውን ብርቅ ካርድ የምትሠራበትን) አይበሉም። ማስጠንቀቂያ፦ ባለቀለሙ ማና ለፍጡር እንጂ ለመግደያ ካርድህ አይሆንም። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የዓይነት ዝርዝሩ ሲከፈት አይተህ ተጫን። ቸኩሎ በድራጎን ደክ ላይ ሌላ ዓይነት መርጦ የጮኸ ሰው አውቃለሁ። መመለሻ የለውም።

ዋይልድካርድ ካነሳን፣ አሪና ላይ የማትፈልገውን ካርድ ሰባብረህ መመለስ አትችልም። ያወጣኸው ዋይልድካርድ ወጣ። ስለዚህ መጀመሪያ ያለህን ካርድ ይዘህ ሞክር፣ ላንዱን አስተካክል፣ ሥዕሉ ያማለለህን ካርድ በመጨረሻ ሥራ። ሰው ግን ሁሌ ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው።

«አለቆቹ መጡ፣ ጭፍራው የለም»

«የዚህ ዓይነት ፍጡሮችህ ሁሉ +1/+1 ያገኛሉ» የሚሉ ካርዶች ሲበዙ የሚመጣ ነው። አሥራ ሁለት አለቃና አሥር ጭፍራ ያለው ደክ ሠራዊት ሳይሆን ስብሰባ ነው። አለቃ ከስድስት አይብለጥ፣ ጭፍራው ከሃያ አይነስ። እነዚህ ቁጥሮች የኔ ናቸው፣ ከልምድ።

ሜዳውን ሞልተህ በአንድ ጠራጊ ካርድ ሁሉም ከሞቱብህ ደግሞ ጥፋቱ የደኩ አይደለም። ሁለት ፍጡር እጅህ ላይ አስቀር።

«በቀየርኩት ቁጥር ይብስበታል»

ስንት ጨዋታ ተጫውተህ ነው የቀየርከው? አምስት? ግማሽ ግማሽ የሚያሸንፍ ደህና ደክ እንኳ ከ10 ጨዋታ 7 ወይም ከዚያ በላይ የመሸነፍ ዕድሉ 17 በመቶ ነው። ሁለት ጨዋታ ተሸንፎ ስድስት ካርድ የሚቀይር ሰው ምን እንደጠቀመውና ምን እንደጎዳው መቼም አያውቅም። አንድ ሁለት ካርድ ቀይር፣ ቢያንስ ሃያ ጨዋታ ተጫወት፣ የወጣውንና የገባውን ጻፍ። የቀድሞውን ደክ ደግሞ ሳትነካ ቅጂውን አስቀምጥ። ይሄን ስንቴ እንደተናገርኩ አላውቅም፣ አሁንም «የድሮው ዝርዝር ጠፋብኝ» የሚል ይመጣል።

61ኛዋ ካርድ ላይ ግን ሰው ያካብዳል። አራት ቅጂ ካለህ ካርድ ቢያንስ አንዱን መነሻ እጅህ ላይ የማግኘት ዕድልህ በ60 ካርድ 39.9 በመቶ ነው፣ በ64 ካርድ 37.8። አይገልህም። የሚገድልህ አራቱን ሲጨምሩ ላንዱን እዚያው መተው ነው።

ሌላ ጨዋታ ላይ ከሆንክ

ሐርትስቶን ላይ ላንድ የለም፣ ማናው በየተራው አንድ እየጨመረ 10 ይደርሳል። በሽታው ግን ያው ነው፣ ሰባትና ስምንት ማና በሚጠይቁ ካርዶች የታጨቀ የ30 ካርድ ደክ። እዚያ ካርድ መስበር ይቻላል፣ ግን አንድ ሌጀንደሪ (ከፍተኛ ደረጃ ያለው ካርድ) ሰብረህ 400 አቧራ (የካርድ መሥሪያ መክፈያ) ታገኛለህ፣ ለመሥራት 1600 ትከፍላለህ። ተናድደህ ስብስብህን አትስበር።

ማስተር ዱኤል ላይ ደግሞ ማናም የለም። ስለዚህ የደኩ መጠን ከሌላው ይልቅ እዚያ ይቆጠራል። በ40 ካርድ ደክ ሦስት ቅጂ ያለውን ካርድ በመነሻ አምስት ካርድ የማግኘት ዕድልህ 34 በመቶ ገደማ ነው፣ በ60 ደግሞ 23። ጭብጡን ለማስፋት ብለህ ወደ 60 አትሂድ።

ጥቂት ብርቅ ነገሮች

ደኩ ትናንት ሠርቶ ዛሬ «አይፈቀድም» ካለህ፣ ካርዶቹ ከስታንዳርድ (አዳዲስ ስብስቦች ብቻ ከሚፈቀዱበት ፎርማት) ወጥተዋል ወይም ታግደዋል። ደኩን የቆዩ ካርዶች ወደሚፈቀዱበት ወደ ሂስቶሪክ ወይም ወደ ብሮል አዛውረው። ብሮል 100 ካርድ ነው፣ ከመሠረታዊ ላንድ በቀር ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ፣ ለጭብጥ ወዳጅ የሚመች ቤት ነው።

ላንድ እያለህ ሁለተኛውን ካርድ መጣል ካቃተህ፣ ጨዋታው በራሱ ማና ሲከፍል የሚያስፈልግህን ቀለም በልቶብሃል። ካርዱን ከመጣልህ በፊት ላንዶቹን በእጅህ ተጫን።