ጉልበት ሲያመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ከታቦርና ከአላሙራ በቀር ይህ ነው የሚባል ዳገት የላትም። እንዲያም ሆኖ "ወይ ጉልበቴ" ሳይል ከባጃጅ የሚወርድ ትልቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ወጣቱም ጀምሯል።

ዋናው ስህተት አመመኝ ብሎ ቁጭ ማለት ነው። ቤተሰብም ያግዛል፦ "እማዬ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኛ እንሠራለን"። ደግነት ነው፣ ግን ይጎዳል። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። የጭን ጡንቻም ካልሠራ ይከሳል፣ ያኔ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ወድቃችሁ ካበጠ አንድ ሁለት ቀን ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ መያዝ ጥሩ ነው። ከዚያ ግን ተንቀሳቀሱ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ እስከ 5 ቁጠሩ፣ ቀስ ብላችሁ አውርዱ፣ በየእግሩ 10 ጊዜ። ቡናው እስኪፈላ ያልቃል። ሲሠሩት ትንሽ ቢያም ችግር የለውም፤ በማግስቱ ብሶባችሁ ከተነሳችሁ ቀንሱ። ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ ላለችው መንገድም ባጃጅ አትያዙ፣ በእግር ሂዱ።

ታቦርን በሩጫ መውረድ ሌላው ነው። መውጣቱ ትንፋሽ ይፈትናል፤ ጉልበት የሚፈተነው ሲወርዱ ነው። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ካመማችሁ ዱላ ያዙ።

ሳይክል ለጉልበት ጥሩ ስፖርት ነው፣ ኮርቻው ልክ ከሆነ። ብዙዎቻችን መሬት በደንብ እንድንረግጥ ዝቅ እናደርገዋለን፣ ከዚያ ጉልበታችን በየዙሩ ከመጠን በላይ እየታጠፈ ፊት ለፊቱን ማመም ይጀምራል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ የታጠፈ ይሁን።

ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንደ ከረሜላ መዋጥስ? ለጥቂት ቀን ሐኪም ሲያዝ አንድ ነገር ነው። ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ግን ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል፤ በተለይ ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ አይንካው። ያበጠ ጉልበትን ለወጌሻ ሰጥቶ ማሳሸትም ይቅር፣ ውስጡ የተቀደደ ወይም የተሰበረ ነገር ካለ ያባብሰዋል።

ክብደትን ማንም ማውራት አይወድም፣ እኔም ነካ አድርጌ ላልፍ። ከሰውነት 1 ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው ከጉልበት ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ይነሳል።

ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሕመምና እብጠት ከሌለው አያስፈራም፤ በከንቱ አትጨነቁበት።

ጉልበቱ አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም መቆም ካቃታችሁም እንደዚያው። ልጅ እያነከሰ "ጉልበቴን" ሲል ደግሞ ዳሌውም ይታይ፤ የዳሌ ችግር ሕመሙ ጉልበት ላይ የሚሰማበት ጊዜ አለና።