እንግዳን በምግባችን ስንቀበል የምንሳሳታቸው ነገሮች

በአፍሪካ ሰላምና ፀጥታ ላይ የሚመክረው የጣና ፎረም ስብሰባ በ2004 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ባህርዳር ስንት የአፍሪካ መሪና ዲፕሎማት ተቀብላለች። እንግዳ ስለኛ የሚይዘው ግምት ግማሹ ከገበታው ነው የሚመጣው ባይ ነኝ፣ ለዛ ነው እነዚህ ስህተቶች የሚያንገበግቡኝ።

ዋናው የራስን ምግብ ጥግ ማስያዝ ነው። ቡፌው ላይ ፓስታና ሩዝ በረጅሙ ይደረደራል፣ እንጀራው ደሞ ተጠቅልሎ ጠርዙ ደርቆ መጨረሻ ላይ። ፓስታ እኮ ሰውየው የትም ያገኛል! የደጀንና የቢቸና ማኛ ጤፍ ያለን ሰዎች እንዲህ ማድረግ የለብንም። ምጣዱን እዛው አዳራሹ በር ላይ ጣዱት። ባለሙያዋ በጎመን ዘር ስታስሰው፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ስታፈሰው፣ የእንጀራው አይን ፍጥጥ ሲል፣ አክንባሎው ተከድኖ እንፋሎቱ በዳር ሲወጣ እንግዳው ራሱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል፣ ስንት ቀን ቦካ ብሎ ይጠይቃል፣ ያኔ ወሬ ተጀመረ ማለት ነው። ባለሙያዋን ጓዳ መደበቅም ያው ስህተት ነው፣ ትውጣና ትናገር፣ አስተርጓሚ ይመደብላት።

ሁለተኛው፣ ምግቡን አቅርቦ ዝም ማለት። አንድ የሆላንድ ካምፓኒ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይዞ እንደነበርና የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ ውድቅ እንዳደረገው ስንቱ እንግዳ ያውቃል? ጤፍ የማን እንደሆነ እኛ ካልተናገርን ማን ይናገርልን።

የፆም ምግብን እንደ ዝቅተኛ ማየትም አለ። ስጋ፣ እንቁላልና ወተት ለማይነካ እንግዳ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ድሮም የተዘጋጀ ነው። ሙስሊም እንግዳ ካለ ደሞ ስጋው የማን እርድ እንደሆነ ሳይጠይቅ በፊት ንገሩት፣ እሱ እስኪጠይቅ መጠበቅ ነውር ነው። ጥሬ ስጋና ጉርሻም ፈቃዱን ጠይቆ ነው፣ «በሞቴ» እያሉ ማስጨነቅ እኛ ጋ ፍቅር ነው፣ ለማያውቀው ግን ጭንቅ።

ለፈረንጅ ብሎ የቀይ ወጥን በርበሬ መቀነስ አያስፈልግም፣ አልጫ አለን።

የመጨረሻው፣ ነገሩን የአንድ ሳምንት ዝግጅት ማድረግ። ታይላንድ በ2002 እ.ኤ.አ በመንግስት ደረጃ ምግቧን በውጭ ሬስቶራንቶች ለማስፋፋት ፕሮግራም ጀመረች፣ ዛሬ የትም ብትሄዱ የታይ ምግብ ቤት አለ። እኛ ግን ስብሰባው ሲያልቅ ምጣዱም ይነሳል። ቢያንስ ሆቴሎቻችን አመቱን ሙሉ ያስጋግሩ፣ ኤምባሲዎቻችንም ለበዓል ግብዣ ከደብረ ማርቆስና ከሞጣ ባለሙያ ይውሰዱ።