«፭» ቁጥር ነው? ፓይተን ሆድ ውስጥ ገብተን እንየው

ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ውስጥ ሱቅ ላላቸው አጎቴ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትንሽ የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። እሳቸው መጠኑን በግዕዝ ቁጥር ነው የሚጽፉት። ፭ ኪሎ፣ ፲ ኪሎ። እኔም እንደለመዱት ይጻፉ ብዬ ተውኩት።

፭ን አስገቡ። ፍተሻዬ «ቁጥር ነው» ብሎ አሳለፈው፣ ቀጥሎ ያለው፣ ወደ ቁጥር የሚቀይረው መስመር ላይ ግን ፕሮግራሙ ቀጥ አለ። ፲ን ሲያስገቡ ደግሞ ጭራሽ ቁጥር አይደለም አላቸው። አቦ፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ሁለቱም ቁጥር አይደሉም እንዴ!

መልሱ በግምት አይገኝም። ዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ፣ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ባሕርዩን ለይቶ መዝግቧል፣ ፓይተንም ያንን መዝገብ ሶርስ ኮዱ (ራሱ ፓይተን የተጻፈበት ኮድ) ውስጥ ይዞታል። ገብታችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። (ትእዛዞቹን እዚህ በግዕዝ ፊደል ልጻፋቸው እንጂ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ነው የሚገቡት።)

መጀመሪያ ራሱን ፓይተንን ጠይቁት። «ዩኒኮድዳታ» የሚባለውን ሞጁል ኢምፖርት አድርጉና «ኔም» በሚለው ፈንክሽን የ፭ን ስም ጠይቁ። «ኢትዮፒክ ዲጂት ፋይቭ» ይላችኋል። የ፲ን ስትጠይቁ ግን «ኢትዮፒክ ነምበር ቴን» ነው። አንዱ ዲጂት፣ አንዱ ነምበር። ልዩነቱ ከስማቸው ይጀምራል። «ካቴጎሪ» በሚለው ስትጠይቁ ሁለቱም «ኤን ኦ» ናቸው፣ ሌላ ዓይነት ቁጥር ማለት ነው። የተለመደው 5 ግን «ኤን ዲ» ነው፣ የአስርዮሽ አሃዝ።

አሁን ሦስቱን ፍተሻዎች ሞክሩ። «ኢዝዴሲማል» ሁለቱንም አይቀበልም። «ኢዝዲጂት» ፭ን ይቀበላል፣ ፲ን አይቀበልም። «ኢዝኒዩመሪክ» ሁለቱንም ይቀበላል። «ኢንት» ደግሞ ወደ ቁጥር የሚቀይረው የአስርዮሽ አሃዞችን ብቻ ነው። እኔ የፈተሽኩት በ«ኢዝዲጂት» ስለነበር ነው ፭ በሩን አልፎ ውስጥ የወደቀው። የሚገርመው ዐረብኛ ጽሑፍ ላይ ባለው አሃዝ የተጻፈ አምስት (٥) ቢገባ ያለችግር ይሠራ ነበር፣ ምክንያቱም እሱ «ኤን ዲ» ነው። ይሄ አድልዎ አይደለም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ዋጋውም በቦታው አይወሰንም። ፳፭ ሀያና አምስት ተደምረው ነው እንጂ 2 እና 5 ጎን ለጎን ተቀምጠው አይደለም።

ቀጥለን ወደ ሶርስ ኮዱ እንግባ። የሲፓይተንን (በሲ ቋንቋ የተጻፈው ዋናው ፓይተን ነው) ኮድ ጊትሃብ ከሚባለው የኮድ ማከማቻ ድረ ገጽ አውርዱ፣ ግን እናንተ የምትጠቀሙበት ቨርዥን ይሁን። «ኦብጀክትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ «ዩኒኮድታይፕ ዲቢ» የሚባል ሄደር ፋይል አለ። በፕሮግራም የተፈበረከ ስለሆነ በእጅ አትንኩት፣ አንብቡት ብቻ። ፋይል ውስጥ ጽሑፍ በሚፈልገው ትእዛዝ፣ በግሬፕ፣ 1369ን ፈልጉ፤ የ፩ የዩኒኮድ ቁጥር ነው፣ በአስራ ስድስትዮሽ። «ቱኒዩመሪክ» በሚለው ፈንክሽን ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ 1.0 የሚመልስ ረድፍ ላይ። 1372ን ብትፈልጉ 10.0 ወደሚመልሰው ያደርሳችኋል። ያ ፲ ነው።

ዲጂት ወይም ዴሲማል መሆኑ ግን በግሬፕ አይገኝም፣ ሠንጠረዡ ቦታ ለመቆጠብ ተጨምቋል። በእጅ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ፩ በአስርዮሽ 4969 ነው። ለ128 አካፍሉት፤ 38 ደርሶ 105 ይተርፋል። «ኢንዴክስ1» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ከዜሮ እየቆጠራችሁ 38ኛው ላይ ያለውን ቁጥር ያዙ፣ በ128 አባዙት፣ 105 ደምሩበት። ያ ድምር «ኢንዴክስ2» ውስጥ የሚገኝበት ቦታ ነው። እዚያ የምታገኙት ቁጥር ደግሞ ፋይሉ አናት ላይ ካሉት ረድፎች፣ አሁንም ከዜሮ ተቆጥሮ፣ ስንተኛውን እንደምታነቡ ይነግራችኋል። የረድፉ የመጨረሻ ቁጥር የምልክቶቹ ድምር ነው፤ ወደ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እጥፍ ወደሚሄደው ስትበትኑት ከተደማሪዎቹ አንዱ 4 ከሆነ ዲጂት ነው፣ 2 ካለ ዴሲማል። ፩ 4 አለው፣ 2 ግን የለውም። ይሄን አንዴ በወረቀት ሠርታችሁ እዩት፣ ከዚያ በኋላ ፍተሻዎቹ እንቆቅልሽ አይሆኑባችሁም።

እዚያው ፋይል ላይ ባዶ ቦታዎችን የሚዘረዝር ፈንክሽን አለ፣ «ኢዝዋይትስፔስ»። ሁለት ነጥባችን ፡ ቁጥሯ በአስራ ስድስትዮሽ 1361 (በአስርዮሽ 4961) ነው፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ስሟ «ዎርድስፔስ» ቢሆንም ምድቧ ሥርዓተ ነጥብ ነው። ስለዚህ በ፡ የተለያየ የድሮ ጽሑፍ «ስፕሊት» ብትሉት አይከፋፈልም፤ መጀመሪያ ፡ን በስፔስ ተኩ። ደግሞ አራት ነጥብ የሚመስለው ሁሉ አራት ነጥብ አይደለም። ብዙ ሰው ፡ን ሁለቴ ይመታል። ለዓይን ያው ነው፣ የእያንዳንዱን ምልክት ቁጥር ለየብቻ በ«ኦርድ» ስትጠይቁ ግን 4961 ሁለት ጊዜ ይመጣል። ትክክለኛው ። 4962 ነው፣ አንድ ብቻ።

አንድ የምወደው ነገር አለ። ፓይተን ላይ ለተለዋዋጭ (ቫሪያብል) ስም በአማርኛ መስጠት ይቻላል። ዋጋ፩ ብላችሁ ብትሰይሙ ይሠራል። ዋጋ፲ ካላችሁ ግን የሲንታክስ ስህተት ነው! ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ቀድሞ «ኤን ዲ» ነበሩ፤ ምድባቸው ሲቀየር የቆዩ ስሞች እንዳይበላሹ ተብሎ በልዩ ዝርዝር ተፈቀደላቸው።

ቨርዥን አትርሱ። «ዩኒኮድዳታ» ውስጥ ያለው «ዩኒዳታ ቨርዥን» ፓይተናችሁ የትኛውን ዩኒኮድ እንደያዘ ይነግራችኋል። ለጉራጌኛ በኋላ የተጨመሩት ፊደላት በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 14 ነው የገቡት። ፓይተን 3.10 አያውቃቸውም፣ 3.11 ያውቃቸዋል።

የአጎቴን ችግር የፈታሁት እንዲህ ነው። «ኢዝኒዩመሪክ» ብሎ መፈተሽ፣ በ«ኒዩመሪክ» ዋጋውን መውሰድ፣ ከግራ እየጀመሩ መደመር። ፻ ሲመጣ ከፊቱ ያለውን በመቶ ማባዛት፣ ከፊቱ ምንም ከሌለ መቶ ብሎ መያዝ። ለኪሎ ይሄ ይበቃል፤ ፼ ካለ ግን እስከዚያ የተጠራቀመው ሁሉ በአስር ሺህ ይባዛል። ስትሞክሩት ፻ን ለብቻው አስገቡ፣ ከዚያ ፳፭ን፣ ከዚያ ፲፱፻፺፱ን። 100፣ 25 እና 1999 መምጣት አለበት።