አቃቂ ሜዳና አባ ሳሙኤል ለሽርሽር ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ወፍ እያየ በውሃ ዳር መንሸራሸር የሚፈልግ ሰው ወደ ደቡብ ጫፍ ቢወርድ አይከፋውም። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ቦታውን እንደ ከተማ መናፈሻ ቆጥሮት ነው የሚሄደው።

የራስን ሰማይ ብቻ አይቶ ወንዝ ዳር መቀመጥ። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። አቃቂ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ውሃው የሚመጣው ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል ነው። እንጦጦ ከአቃቂ ሜዳ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እላይ የዘነበው ዝናብ ደግሞ አስፋልትና ቆርቆሮ ላይ ስለሚያርፍ መሬት አይመጠውም፤ ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ሰሜን ይመልከቱ። ሽሮ ሜዳ ወይም ጉለሌ ዘመድ ካለዎት ደውለው «ዘነበ እንዴ?» ይበሉ። ወንዙ ድንገት ደፍርሶ ቅጠልና ባዶ ሃይላንድ ማግተልተል ከጀመረ ምንጣፍ ለመሰብሰብ እንኳን አይቆዩ። ወደ ከፍታ ይውጡ።

አረንጓዴውን ሁሉ መስክ ነው ብሎ መርገጥ። የሐይቁን ዳር ብዙ ቦታ የሸፈነው እምቦጭ ነው፤ ከሥሩ ውሃ አለ። ፎቶ ለመነሳት የሚሮጥ ልጅ ይህን አያውቅም። እጁን ይያዙት።

መኪናን ከጠጠር መንገድ ማስወጣት። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ጎማ ይውጣል። ፎር ዊል ድራይቭም አያድንም። በዚያ ላይ፣ ከመስከረም በኋላ ባዶ ጭቃ የመሰለዎት መሬት ሽምብራ ወይም ጓያ የተዘራበት ሊሆን ይችላል። በድንበሩ ይሂዱ፤ ገበሬ ካገኙም «አካም» ብለው ሰላም ይበሉ። የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በወንዙ ውሃ እጅ ወይም ፍራፍሬ ማጠብ። የከተማው ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ የሚገባበት ውሃ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ኬሚካል አያስወግድም። ውሃ ከቤት ይያዙ።

አርፍዶ መድረስ። ወፍ የሚታየው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ምርጡ ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ የአውሮፓና የእስያ ክረምት ያሰደዳቸው ወፎች ያኔ እዚህ ናቸው። አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋ የሚመስለውን ረጅም ወፍም ሊያገኙ ይችላሉ። ግን በስልክ ለማንሳት አይጠጉት፤ ይበራል፣ ፎቶውም ነጥብ ብቻ ይሆናል። ባይኖኩላር ይዋሱ። ስፒከር ከፍቶ ወፍ ፍለጋ የሚወጣውን ሰውማ እኔ እስካሁን አልገባኝም።

እስኪመሽ መቆየትም አያዋጣም። ጅብ አለ፤ 11 ሰዓት ላይ ይነሱ፣ ቆሻሻዎንም በፌስታል ቋጥረው ይመለሱ።