በማግስቱም የማይደርቅ የቸኮሌት ኬክ አሠራር

ቸኮሌት ያማረውን ሰው ደረቅ ኬክ አያረካውም። ኬኩን እርጥብ የሚያደርጉት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሊጡ መቅጠንና ከኦቨን በጊዜ መውጣቱ።

ለሁለት ክብ፣ ባለ 23 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያዎች የሚበቃው መጠን ይኸውላችሁ። 220 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 350 ግራም ስኳር፣ 75 ግራም የካካዎ ዱቄት፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 እንቁላል፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 120 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ 240 ሚሊ ሊትር ትኩስ ቡና። ወተቱ ላይ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጨምሩና 5 ደቂቃ አቆዩት፤ ሶዳው የሚሠራው አሲድ ሲያገኝ ነው።

ካካዎው ስኳር የሌለበት መሆን አለበት። ለመጠጥ የሚሸጠው ጣፋጭ የቸኮሌት ዱቄት አይተካውም። የፉርኖ ዱቄቱን ደግሞ በሚዛን ለኩት። በስኒ ሲዛቅ ይጠቀጠቅና ሳይታወቅ ይበዛል፤ ለኬክ መድረቅ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ቤኪንግ ፓውደሩ ከቆየ ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ሙቅ ውኃ ላይ ጣል አድርጉና እዩ። ወዲያው ካልተንፈቀፈቀ ኬኩን አያነሳም።

ኦቨኑን አስቀድማችሁ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አሙቁ። መጋገሪያዎቹን ዘይት ቀቡና ከሥር ወረቀት አንጥፉ። ደረቅ ደረቁን በሙሉ ነፍታችሁ ቀላቅሉ፤ ካካዎ ካልተነፋ እየጓጎለ ያስቸግራል። እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ዘይቱንና ቫኒላውን ለብቻ መትታችሁ ደረቁ ላይ ገልብጡና ነጭ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አማስሉ። ከዚያ በላይ ማሸት ሊጡን እንደ ዳቦ ሊጥ ያለጥጠዋል፤ ኬኩም ጠንካራና ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ትኩሱን ቡና ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ሙቀቱ የካካዎውን ጣዕም ያወጣዋል፤ ቡናው ደግሞ ራሱ ጎልቶ ሳይቀመስ የቸኮሌቱን ጣዕም ያጎላል። ቡና የማይፈልግ የፈላ ውኃ ያድርግበት። ሊጡ አሁን ከማንኪያ ላይ በቀጭኑ የሚወርድ፣ የሚፈስ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ ዱቄት ይጨምራል። እባካችሁ አትጨምሩ! መቅጠን ያለበት እንዲህ ነው።

ለሁለቱ መጋገሪያዎች እኩል አካፍላችሁ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ጋግሩ። በመጀመሪያዎቹ 25 ደቂቃዎች በሩን አትክፈቱ፤ መሐሉ ገና ሳይጸና ቀዝቃዛ አየር ከገባ ይሰምጣል። ኦቨኑ ከልክ በላይ ከጋለ ደግሞ ዳሩ ቀድሞ ይደርቅና መሐሉ ጉብ ብሎ ይሰነጠቃል። 28ኛው ደቂቃ ላይ መሐሉን በስቲኪኒ ወጋ አድርጉት። እርጥብ ሊጥ ይዞ ከወጣ 3 ደቂቃ ጨምሩለት። ጥቂት እርጥብ ፍርፋሪ ብቻ ከያዘ አውጡት። ስቲኪኒው ፍጹም ንጹሕ እስኪሆን መጠበቅ ያደርቀዋል፤ ኬኩ ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት ትንሽ መብሰሉን ይቀጥላል። 10 ደቂቃ መጋገሪያው ውስጥ ካረፈ በኋላ ገልብጣችሁ በደንብ እስኪቀዘቅዝ አቆዩት።

ለቅቡ 200 ግራም ጥቁር ቸኮሌት፣ ከ55 እስከ 60 በመቶ ካካዎ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፣ በደቃቁ ክተፉ። 200 ሚሊ ሊትር ክሬም አሙቁ፤ ዳር ዳሩ አረፋ ማውጣት ሲጀምር አውርዳችሁ ቸኮሌቱ ላይ አፍስሱ። 2 ደቂቃ ሳትነኩት ቆዩና ከመሐል ወደ ዳር በዝግታ አማስሉ። ቅባቱ ከተለየ ለብ ያለ ወተት በ1 የሾርባ ማንኪያ እየጨመራችሁ ስታማስሉ ተመልሶ ይዋሐዳል። ለመቀባት እስኪወፍር አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጥ። ሙቅ ኬክ ላይ ከተቀባ ይቀልጥና ይንሸራተታል።

የተረፈውን ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡ። ዘይት እንደ ቅቤ ስለማይረጋ ኬኩ አይጠጥርም፤ የሚጠነክረው ቅቡ ነው። ስለዚህ ከመቁረሳችሁ አንድ ሰዓት በፊት አውጡት።