ከዘመናችን ፎቶ አንሺዎች ቅኝት መዋስ

ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ የዜማ ቅኝቶችም ስም ናቸው። ክራሩ ሳይለወጥ ክሮቹ ጠበቅ ወይም ላላ ሲደረጉ ያው ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ይሻገራል፤ ሰሚውም ግጥሙ ገና ሳይጀመር ምን ዓይነት ስሜት እንደሚመጣበት ይረዳል። በፎቶግራፍ ድባብ የምንለው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ተመልካቹ በምስሉ ውስጥ ማን እንዳለ ከመለየቱ በፊት ብርሃኑ፣ ቀለሙና ባዶ የተተወው ቦታ አስቀድመው ያናግሩታል። ከሌላ ሰው ሥራ መነሻ የሚሻ ፎቶ አንሺ ቅኝቱን ይዋስ፤ ዘፈኑን ግን ለባለቤቱ ይተውለት።

በመጀመሪያ አንድ ፎቶ አንሺ ብቻ ይምረጡና አንድ ወር ከእሱ ጋር ይቆዩ። በአንድ ምሽት የሃምሳ ሰዎችን ሥራ በስልክ ሲያገላብጡ ማምሸት ዓይንን ያደክማል እንጂ አያስተምርም። ቀለም የሚስብዎ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችውን አይዳ ሙሉነህን ይያዙ፤ ፊታቸው ቀለም የተቀባ ሴቶችን በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ መካከል የምታቆምበት መንገድ ብዙ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአፋር ዳሎል ያነሳቻቸው ስለ ውኃ የሚናገሩ ምስሎችም አሉ። ለዝምታና ለጥቁርና ነጭ የሚያደሉ ከሆነ በሥዕል ሠልጥኖ የዘይት ቀለም ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ፀጋዬ ይሻላል። ከሩቅ ከፈለጉ ደግሞ የዕለት ተዕለት ጥቃቅን ነገሮችን በፈዘዘ፣ በነጣ ብርሃን የምታነሳው ጃፓናዊቷ ሪንኮ ካዋውቺ አለች።

ከዚያ አንድ ምስል ፊትዎ አስቀምጠው፣ ደብተር ይዘው፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይመልከቱ። ጥላው የወደቀው ወዴት ነው? ጠርዙ የተሳለ ከሆነ ብርሃኑ በቀጥታ ከፀሐይ የመጣ ነው፤ የሟሟ ከሆነ ደመና ወይም ግድግዳ አለሳልሶታል። ካሜራው ከሰውየው ዓይን በላይ ነው ወይስ በታች? ከሁሉም በላይ ግን ከምስሉ ውጪ የተተወው ምን እንደሆነ ይጻፉ፤ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ግርማ በርታ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች በስልኩ ያነሳቸውን ሰዎች ከነጥላቸው ነጥሎ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጋፍ ከተሰጣቸው አንዱ ነበር። እኔም በዚህ ተማርኬ ደሴ ፒያሳ ላይ ፍራሽ ተሸክሞ የሚያልፍ አንድ ሰው አነሳሁና ከበስተኋላው ያለውን ሁሉ አጥፍቼ በቀይ ላይ አቆምኩት። ምስሉ ያምራል፤ ግን ዱዳ ሆነ። ዋናውን ፎቶ መልሼ ስከፍተው ከኋላው በአንድ እጇ ጀበና በሌላው ረከቦት የያዘች ሴት ትከተለዋለች፤ ባልና ሚስቱ ቤት እየቀየሩ ነበር። የግርማ ሰዎች ታሪካቸውን በአቋማቸውና በጥላቸው ስለሚሸከሙ ዳራው ቢጠፋ አይጎድልባቸውም፤ የእኔው ሰውዬ ታሪክ ግን እኔ ባጠፋኋት ሴት እጅ ላይ ነበር።

ቀጥሎ የተዋሱትን ቅኝት በአገርዎ ብርሃን ይፈትኑ። ደሴ ከጦሳ ሥር ስለሆነች ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ሰማዩ ገና ብሩህ ሳለ ከተማዋ ጥላ ውስጥ ትገባለች፤ ይህ ሰዓት ለስላሳና ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ብርሃን ይሰጣል። ስልክዎ ግን ሰማያዊነቱን እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያርመው ይሞክራል፤ ስለዚህ በእጅ የሚስተካከለውን የካሜራ ክፍል ከፍተው ዋይት ባላንስ የሚባለውን የብርሃን ቀለም ማስተካከያ 5,500 ኬልቪን (K) አካባቢ ላይ ያቁሙት። በክረምት ጉም ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ችግር ይመጣል፦ ካሜራው ነጩን ጉም አመድማ ያደርገዋል፤ በካሜራው ላይ የብርሃን መጠኑን በአንድ ደረጃ ከፍ ሲያደርጉት ጉሙ ይነጣል፣ የካዋውቺን ዓይነት ፈዛዛነትም ያገኛሉ።

ደማቅ ቀለምና የጠነከረ ጥላ የሚሹ ከሆነ ሰኞ ባቲ ገበያ ይውረዱ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሳይሞላ ቢደርሱ መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ የሰዎች ዓይን በጥላ ይሸፈናል። ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ሰላምታ ይቅደም፤ ፈቃድም ይጠይቁ። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ሳስፈቅዳቸው «ቆይማ ልጄ፣ ሻሼን ላስተካክል» አሉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሰው እንዲህ ተዘጋጅቶ የሚሰጥዎትን የመጀመሪያ ፎቶ ከልብዎ ያንሱት፤ የባለቤቱ ነውና።

ለተከታታይ ታሪክ አንድ ክር ያስፈልጋል። አሜሪካዊው አሌክ ሶት እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመው ሥራው በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻ ያሉ የማይተዋወቁ ሰዎችንና ክፍሎችን በወንዙ አስተሳስሯል። ለእኛ ቦርከና አለ፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ቢከተሉት ልብስ የሚያጥቡትን፣ ድልድዩንና መስኖውን ያገኛሉ። ካነሷቸው መካከል ሠላሳውን በፎቶ ቤት በትንሽ መጠን አሳትመው ወለል ላይ ይዘርጉ። ሁለት ምስሎች አንድ ነገር ከተናገሩ አንዱ ይውጣ፤ የወጣው ይበልጥ የሚያምረው ቢሆንም እንኳ። አሥር ሲቀሩ ቅደም ተከተላቸውን ይቀያይሩና ፎቶ ለማያነሳ ሰው አሳይተው ታሪኩ ምን እንደሆነ እንዲነግርዎ ያድርጉ፤ እርስዎ ግን አያብራሩ።

ገበያ ላይ እንደ በርበሬዋ እናት ፈቅደው የተነሱልዎትንም ሰው ፎቶ አሳትመው በሚቀጥለው ሰኞ ይዘውላቸው ይሂዱ። እኔ ለበርበሬዋ እናት ስወስድላቸው አይተው ሳቁ፣ ለጎረቤታቸው አቀበሉ፣ ወደ ገበያቸውም ተመለሱ፤ ሻሻቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ በርበሬውን በጣሳ እየሰፈሩ፣ ካሜራዬን ረስተውት ነበር።